አራት ገጽ፣ አንድ ወንጌል፦ የዘመን መለወጫ ካርድ በእጅ ማኅተም

መስከረም 1 ቀን ጠዋት ወንዶች ልጆች በወረቀት የሣሉትን አበባ፣ መልአክና ፀሐይ ይዘው ከቤት ቤት ይዞራሉ። የመልአኩ አንዱ ክንፍ ከሌላው ይረዝማል፤ ቀለሙም ከመስመሩ ያልፋል። ባለቤቱ ግን በደስታ ተቀብሎ ሳንቲም ወይም ዳቦ ይሰጣቸዋል፤ ሥዕሉንም ግድግዳው ላይ ይለጥፈዋል። በእጅ የተሠራ የእንኳን አደረሳችሁ ካርድ ለእኛ እንግዳ ነገር እንዳልሆነ ይህ ልማድ ያሳያል። የዛሬው ትምህርታችን ይህንኑ ልማድ ለሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችና ለትልልቆችም እንዲስማማ አድርጎ ያቀርባል። የምንሠራው በነጭ ወረቀት ላይ በላጲስ በተቀረጸ አንድ ማኅተምና በሁለት ቀለም የሚያልቅ ንጹሕና ቀላል ካርድ ነው።

እጃችን ወደ ምላጩ ከመሄዱ በፊት ካርዱ ምን እንደሚል ማወቅ አለብን። የሚለው ነገር ያልታወቀ ካርድ በጌጥ ይሞላል። አበባው፣ ሻማው፣ ርችቱ፣ ሪባኑና ብልጭልጩ ይደረደርበትና የተቀባዩ ዐይን የሚያርፍበት ያጣል። የዘመን መለወጫ ካርድ የሚናገረው አንድ ነገር ነው፦ ዓመቱን የሰጠን እግዚአብሔር ነው፤ የሰጠንም ከወንጌሉ ጋር ነው። ይህን ለመናገር አንድ ሥዕል ይበቃል። የትኛው ሥዕል እንደሆነ ደግሞ ዓመቱ ራሱ ይነግረናል።

ቤተ ክርስቲያናችን ዓመታትን በአራቱ ወንጌላውያን ስም በየተራ ትጠራለች። የዘንድሮውን ለማወቅ ማንም ሰው በወረቀትና በእርሳስ ሊያሰላው ይችላል። ከአዳም እስከ ጌታ ልደት የሚቆጠረውን 5500 ዘመን ከዓመተ ምሕረቱ ጋር ደምሩ፤ ድምሩ ዓመተ ዓለም ይባላል። ዓመተ ዓለሙን ለ4 አካፍሉ። 1 ቢቀር ዘመኑ የማቴዎስ ነው፤ 2 ቢቀር የማርቆስ፣ 3 ቢቀር የሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ቢካፈል የዮሐንስ ነው። ካርዳችንን የምንሠራለትን 2019ን እንያዝ። 5500 እና 2019 ሲደመር 7519 ይሆናል። ለ4 ሲካፈል 1879 ደርሶ 3 ይቀራል፤ ስለዚህ ዘመነ ሉቃስ ነው። 1879 የሚለው ድርሻ መጠነ ራብዒት ይባላል። እርሱን ከ7519 ጋር ደምራችሁ 9398ን ለ7 ብታካፍሉ 4 ይቀራል። ቀሪው 1 ሲሆን ማክሰኞ ነውና፣ 4 ሲሆን ዓርብ ነው፤ የ2019 መስከረም 1 ዓርብ ይውላል ማለት ነው። ልጆች ካርዱን የሚሠሩበትን ዓመት ራሳቸው አስልተው ቢያገኙት ማኅተሙን ሲቀርጹ ምን እየሠሩ እንደሆነ ያውቃሉ። አስተማሪ የሆናችሁ ይህን ክፍል አትዝለሉት፤ ጊዜ ቢጠብም ከመቁረጡ ሥራ ቀንሱ እንጂ ከዚህ አትቀንሱ።

በ5500 የምንጀምርበት ምክንያት አለው። አዳም ከገነት በወጣ ጊዜ ጌታ ከልጅ ልጁ ተወልዶ ሊያድነው ቃል ኪዳን እንደሰጠው፣ ዘመኑም በተፈጸመ ጊዜ ከቅድስት ድንግል ማርያም እንደተወለደ ቤተ ክርስቲያን ታስተምራለች። ያ የመጠባበቅ ዘመን ዓመተ ፍዳ ይባላል፤ ከልደቱ በኋላ ያለው ዓመተ ምሕረት ነው። በካርዱ ላይ ከቁጥሩ አጠገብ ዓ.ም. ብለን ስንጽፍ ይህን ሁሉ መጻፋችን ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ብቻ ጥላችሁ አትሂዱ፤ ዓ.ም. ይጨመርበት።

እዚህ ላይ ብዙ ልጅ የሚስተው አንድ ነገር አለ። መስከረም 1 ቀን ቅዱስ ዮሐንስ የምንለው መጥምቁን ነው፤ በብሉይና በሐዲስ መካከል ቆሞ የመጣውን በጣቱ ያሳየ እርሱ ስለሆነ፣ በአሮጌውና በአዲሱ ዓመት መካከል በዓሉን እናከብራለን። ዘመነ ዮሐንስ የሚባለው ግን በአራት ዓመት አንድ ጊዜ የሚመጣው የወንጌላዊው ዮሐንስ ዓመት ነው። በዓሉ የየዓመቱ ነው፤ ዘመኑ የተራ ነው። በዘመነ ሉቃስ ካርድ ላይ «እንኳን ለቅዱስ ዮሐንስ አደረሳችሁ» ብትሉ አልተሳሳታችሁም፤ ስለ መጥምቁ እየተናገራችሁ ነው።

አሁን ወደ ሥዕሉ እንምጣ። ነቢዩ ሕዝቅኤል በምዕራፍ 1፥10፣ ወንጌላዊው ዮሐንስም በራእይ 4፥7 የእግዚአብሔርን ዙፋን የሚሸከሙትንና የሚከቡትን አራቱን እንስሳ አይተዋል። የሰው ገጽ፣ የአንበሳ ገጽ፣ የላም ገጽ፣ የንስር ገጽ ናቸው። እንስሳ ቢባሉም እንደ ምድር እንስሳ አይደሉም፤ መንፈሳውያን ናቸው፣ ያለ ዕረፍት ያመሰግናሉ። ቤተ ክርስቲያን በዓላቸውን ኅዳር 8 ቀን ታከብራለች። ገጸ ሰብእ ስለ ሰው፣ ገጸ አንበሳ ስለ አራዊት፣ ገጸ ላህም ስለ እንስሳት፣ ገጸ ንስር ስለ አዕዋፍ ምሕረትን እንደሚለምኑም አባቶች ያስተምራሉ።

እነዚህ አራቱ የአራቱ ወንጌላውያን ምሳሌ ሆነዋል። ማቴዎስ ወንጌሉን ከትውልድ ሐረግ ስለሚጀምር ገጸ ሰብእ ተሰጠው። የማርቆስ መጀመሪያ በበረሃ የሚጮኽ ድምፅ ነውና ገጸ አንበሳ ተሰጠው። ዮሐንስ ከዘመን ሁሉ በፊት ስለነበረው ቃል በመናገር ወደ ላይ ስለመጠቀ ገጸ ንስር ሆነለት። ሉቃስ ካህኑ ዘካርያስ በቤተ መቅደስ ሲያጥን በማሳየት ይጀምራል፤ ክህነትና መሥዋዕት ባለበት የሚሠዋው አለና ገጸ ላህም የእርሱ ምሳሌ ሆነ። ጌታ የተኛበት ግርግም የተጻፈው በሉቃስ ነው። የጠፋው ልጅ ሲመለስ አባቱ ያሳረደው የሰባ ፊሪዳ ያለውም በዚሁ ወንጌል ብቻ ነው። ላሟን በማኅተም ስትቀርጹ እነዚህን ምዕራፎች አስቀድማችሁ አንብቡ።

ሕዝቅኤል እያንዳንዱ ኪሩብ አራት አራት ገጽ እንዳለው ማየቱን ልብ በሉ። ዮሐንስ ደግሞ እያንዳንዱን በአንድ ገጽ አየ። ወንጌሉም እንዲሁ ነው፤ አራት ጸሐፊ አለው፣ የሚመሰክረው ግን ስለ አንድ ክርስቶስ ነው፤ አንዱን ያነበበ ሌሎቹን በውስጡ ያገኛል። የካርዳችን አሠራር በሙሉ ከዚህ ትምህርት ይወጣል። የወረቀቱ ልክ፣ የማኅተሙ ቦታ፣ የጽሑፉ መስመር ከዓመት ዓመት አይለወጥም። የሚለወጠው ገጹ ብቻ ነው። አራት ዓመት ካርድ የላካችሁለት ሰው አራቱን ጎን ለጎን ቢያስቀምጣቸው፣ በአንድ ቦታ ላይ አራት ገጽ ያያል፤ አስተምህሮውን ያለ ስብከት ይረዳዋል። ለካርዱ በየዓመቱ አዲስ ጌጥ ለመፍጠር ከመድከም ይህ ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ስለ ነጭ ቦታ ከማንም ይልቅ የሚያስተምረን የብራና ጸሐፊ ነው። ቁም ጸሐፊው ብራናውን ፍቆና አለስልሶ፣ በወስፌ ነጥቦ፣ መስመሩን አስምሮ ከጨረሰ በኋላ ጽሑፉን እስከ ጠርዝ አያደርሰውም። ዙሪያውን ሰፊ ኅዳግ ይተዋል። ብራና ውድ ነው፣ አንድ መጽሐፍ ብዙ ቆዳ ይፈጃል፤ ቢሆንም ለኅዳጉ አይሰስትም። ቀለሙም ሁለት ነው። ጥቁሩ ለጽሑፉ፣ ቀዩ ለእግዚአብሔር፣ ለእመቤታችንና ለቅዱሳን ስም፣ እንዲሁም ለክፍሉ መጀመሪያ ነው። ቀዩ ቦታው ላይ ብቻ ስለሚውል ከሩቅ ይታያል፤ ሁሉም ቢቀላ ኖሮ ማንም አይለየውም ነበር። በዐድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት እጅግ ጥንታዊ ወንጌሎች፣ ብራናቸው በካርቦን ልኬት ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ መሆኑ የተለየ፣ ለወንጌላዊው ሥዕል ሙሉ ገጽ ይሰጣሉ። ጽሑፍ አይጋፋውም። እኛም ለገጸ ላህሙ የካርዱን ፊት በሙሉ እንሰጠዋለን፤ ሌላ ምንም አናደርግበትም።

ወረቀቱ ከተራው የፎቶ ኮፒ ወረቀት ጠንከር ያለ ነጭ ይሁን። ኤ ፎርን ለሁለት ብትቆርጡት ከእያንዳንዱ አንድ ካርድ ይወጣል፤ ሲታጠፍ 10.5 በ14.8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከማጠፋችሁ በፊት ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ ማስመሪያ አስደግፋችሁ የማጠፊያውን መስመር ጫን ብላችሁ አስምሩ። እንዲህ የታጠፈ ወረቀት አይሰነጠቅም፣ አይጣመምም። ወረቀት የአሠራር አቅጣጫ አለው፤ በአንዱ በኩል ስታጎብጡት እሺ ይላል፣ በሌላው ይገፋል። እሺ በሚለው በኩል ቢታጠፍ ጥሩ ነው። ጠርዙን በመቀስ ሳይሆን በማስመሪያና በምላጭ ቁረጡ። በቀላል ካርድ ላይ ጠማማ ጠርዝ የሚሸፍነው ጌጥ የለምና ወዲያው ይታያል።

ለማኅተሙ ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር ትልቁን ነጭ ላጲስ ግዙ። ላሟን በስስ ወረቀት ላይ በለስላሳ እርሳስ ሣሉ። የፊት ገጽ ብቻ ይበቃል፤ ወደ ላይ የከፈቱ ሁለት ቀንዶች፣ ከሥራቸው ወደ ጎን የወጡ ጆሮዎች፣ ወደ አፍንጫው እየጠበበ የሚወርድ ፊት፣ ሁለት ዐይን። በዚህ ላይ ሌላ አትጨምሩ። በራሱ ዙሪያ ግን ክብ አክሊለ ብርሃን ይኑረው። ያለ አክሊሉ የላም ራስ ብቻ ቢታተም የሥጋ ቤት ምልክት ሊመስል ይችላል፤ አክሊሉ ሰማያዊ መሆኑን ይናገራል። ለእጅ ሥራውም ይረዳል፤ ክቡ የማኅተሙ ዳር ስለሚሆን ከእርሱ ውጭ ያለውን ላጲስ ቆርጣችሁ ትጥሉታላችሁ፣ ያልታሰበ ቀለምም አይነካም።

በሬ ወይም ላም ሥሎ መላክ እስራኤል በምድረ በዳ ከሠሩት ጥጃ ጋር እንዴት ይለያል ብሎ የሚጠይቅ ልጅ አይጠፋም፤ ጥያቄው መልካም ነው፣ በቁጣ አትመልሱት። እነርሱ ጥጃውን አምላካችን ብለው ሰገዱለት። ይህ ገጽ ግን ራሱ የሚያመልክ ነው፤ ዙፋኑን የሚሸከም እንጂ በዙፋኑ የተቀመጠ አይደለም። የካርዱ ሥዕልም ተባርኮ በቤተ ክርስቲያን የሚቆም፣ በፊቱ የሚጸለይበት ቅዱስ ሥዕል አይደለም፤ ዓመቱን የሚያሳውቅ ምልክት ነው። ቢሆንም የተበላሸውን እትም መሬት ላይ ጥለን አንረግጠውም። የሙከራ ወረቀቶቹን ሰብስባችሁ በአንድ ቦታ አቃጥሏቸው።

እርሳሱ ያለበትን ፊት ወደ ላጲሱ አድርጋችሁ ጀርባውን በጥፍር ብትፈትጉት ሥዕሉ ተገልብጦ ያርፍበታል፤ ሲታተም ደግሞ ይቃናል። በማኅተሙ ውስጥ ፊደል እንዳታስገቡ የምመክረው ለዚህ ነው፤ የፊደል መገልበጥ ጀማሪን ያሳስተዋል። ምላጩ ሁልጊዜ ከመስመሩ ወደ ውጭ ያጋደለ ይሁን። የመስመሩ ሥር ከአናቱ ሲሰፋ ማኅተሙ ይጸናል፤ ወደ ውስጥ ከቆረጣችሁት አናቱ ቀጭን ሆኖ ስትጫኑት ይታጠፋል። ላጲሱን ማዞር ይሻላል እንጂ እጃችሁን አታዙሩ። ትንንሾቹ ምላጭ አይያዙ፤ እነርሱ ይሣሉ፣ ትልልቆቹ ይቁረጡ፣ ኅትመቱ የሁሉም ይሁን። ሰፋ ያለ ማኅተም የፈለገ ድንች ለሁለት ሰንጥቆ፣ ፊቱን በጨርቅ አድርቆ ሊቀርጽ ይችላል፤ ግን ድንቹ ውኃ ያዝላል፣ ለአንድ ቀን ብቻ ያገለግላል፣ ለአራት ዓመት ተራ አይሆንም።

ቀለሙ ጥቁር የማኅተም ቀለም ይሁን። ማኅተሙን የቀለሙ ፓድ ላይ ደፍታችሁ አትጫኑ፤ ፓዱን አንሥታችሁ ማኅተሙን ቀስ እያላችሁ ነካ ነካ አድርጉ። በዚህ መንገድ ቀለሙ በአናቱ ላይ ብቻ ይቀራል፣ ጉድጓዱ አይሞላም። ከካርዱ ሥር ጥቂት ጋዜጣ አንጥፉ። ቦታውን ለማግኘት በካርዱ ልክ ሌላ ወረቀት ቁረጡና ማኅተሙ የሚያርፍበትን ያህል ቀዳዳ አውጡለት። ቀዳዳው ከግራና ከቀኝ እኩል፣ መካከሉ ደግሞ ከላይ 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ይሁን። በልክ ሲታይ መሐሉ ከ7 ሴንቲ ሜትር በላይ ነው፤ ግን እዚያ የተቀመጠ ሥዕል ለዐይን የወረደ ይመስላል። ቀዳዳውን ካርዱ ላይ ገጥማችሁ፣ ማኅተሙን ቀጥ አድርጋችሁ ደፍታችሁ፣ ሳትነቀንቁ ጫን ብላችሁ ቆዩና ቀጥ አድርጋችሁ አንሡ። መነቅነቅ ጥላ ያወጣል። ይህን ወረቀት አትጣሉት፤ የሚቀጥለውም ዓመት ገጽ በዚሁ ቀዳዳ ይገባል።

የፊቱ ሥራ አለቀ። ቀለሙ እስኪደርቅ ጠብቁ፤ ከዚያ ወደ ውስጥ ግቡ። ጽሑፉ በእጅ ይጻፍ። የታተመ ጽሑፍ ለአያትም ለእኩያም አንድ ዓይነት ይናገራል፤ የእኛ ቋንቋ ግን እንዲህ አይፈቅድም። ለትልቅ ሰው «እትዬ፣ እንኳን ከዘመነ ማርቆስ ወደ ዘመነ ሉቃስ በሰላም አሸጋገረዎ» ትላላችሁ፤ ለጓደኛ «አሸጋገረህ» ወይም «አሸጋገረሽ»፤ ለቤተሰቡ በሙሉ «አሸጋገራችሁ»። ለንስሐ አባታችሁ ስትጽፉ «አባቴ» ብላችሁ ጀምሩና ቡራኬያቸው እንዲደርሳችሁ ለምኑ። በእርሳስ በስሱ አስምራችሁ ጻፉና ቀለሙ ሲደርቅ በላጲስ አጥፉት። ሉቃስ የሚለው ስም ብቻ በቀይ ይጻፍ፤ እግዚአብሔር የሚል ካለበት እርሱም። የተቀባዩ ክርስትና ስም ወለተ ማርያም ከሆነ ማርያም የሚለውን ማቅላት ያምርበታል። የራሳችሁን ስም በጥቁር፣ ከታች፣ አነስ አድርጋችሁ።

ከሰላምታው ሥር ከዓመቱ ወንጌል አንድ ምዕራፍና ቁጥር ጻፉ፤ ቃሉን ሳይሆን ምዕራፉንና ቁጥሩን ብቻ። ይህን የምለው ቦታ ለመቆጠብ አይደለም። ካርዱን የተቀበለው ሰው ምን ይል ይሆን ብሎ መጽሐፉን እንዲገልጥ ነው። ለዘመነ ሉቃስ 4፥19ን እመርጣለሁ። ጌታ በናዝሬት ምኵራብ የኢሳይያስን መጽሐፍ ተርትሮ ስለ ተወደደችው ዓመት ያነበበበት ቦታ ነው፤ በዓመት መጀመሪያ ከዚህ የሚሻል አላገኘሁም። ለዘመነ ዮሐንስ 1፥1፣ ስለ መጀመሪያው የሚናገረው። ለማቴዎስ 28፥20፣ እስከ ዓለም ፍጻሜ አብሮን ስለመሆኑ። ለማርቆስ 1፥15፣ ዘመኑ ስለመፈጸሙ። አራቱም ስለ ጊዜ ይናገራሉ፤ አራቱም ጊዜውን ከእርሱ ጋር ያያይዙታል።

አንዳንድ ጊዜ ልጆች የሚያዞሩት ሥዕል ፎቶ ኮፒ ሆኖ እናየዋለን፤ ቀለም እንኳ የማይነካው አለ። ማኅተምስ ያው አንዱን ደጋግሞ መገልበጥ አይደለምን ይባል ይሆናል። ልዩነቱ እጁ ላይ ነው። ማኅተሙን የቀረጸው ልጅ ሉቃስን አንብቧል፣ ዘመኑን አስልቷል፣ ስለ ገጸ ላህሙ ጠይቋል፤ እያንዳንዱንም እትም ለማን እንደሚሄድ እያሰበ ተጭኖታል። አንዱ እትም ሲፈዝ ሌላው ይጠቁራል። ትንሽ የፈዘዘውን አትጣሉት፤ የተቆረጠ መስመር ወይም የተጨማለቀ ገጽ ካልሆነ በቀር ለመላክ ይሆናል።

የሥራው ጊዜ ጳጉሜን ናት። በውጭ አገር ላሉ ዘመዶች ግን ነሐሴ ውስጥ ጨርሳችሁ ፖስታ ቤት አድርሱ፤ ባሕር ማዶ ያላችሁም ወደ አገር ቤት ስትልኩ የተቀባዩን የፖስታ ሳጥን ቁጥር አስቀድማችሁ ጠይቁ። ፖስታውም ነጭ ይሁን፣ አድራሻው በጥቁር። ለአካባቢው ሰው በእጃችሁ ስጡ፤ መስከረም 1 ቀን ከቅዳሴ መልስ ብትሰጡት ደስ ይላል።

ኅትመቱ ሲያልቅ ላጲሱን በጥቂት ሳሙናና ውኃ በለስላሳ ጨርቅ አጥባችሁ አድርቁት። ከጀርባው «ሉቃስ» ብላችሁ በእስክሪብቶ ጻፉ። ፕላስቲክ ላጲስ ከሌላ ፕላስቲክ ጋር ከቆየ ስለሚጣበቅ በወረቀት ጠቅልላችሁ ከቀዳዳው ወረቀት ጋር በአንድ ፖስታ አስቀምጡት። ተራው የሚመለሰው በ2023 ነው። ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ ጳጉሜን 6 ቀን ትሆናለችና፣ ለ2020 የሚሆነውን ገጸ ንስር ለመቅረጽ አንድ ቀን ይተርፋችኋል።